ሀያትን ኬክ ያጎረሰቻት ሴትዮ

ትናንት ጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ የምርመራ ማዕከል ስወጣ መንገዱ ላይ እንትፍ ብያለሁ። ነውር መሆኑ አይጠፋኝም... ግን አንጀቴ አሮ ነበር። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሰሚራ ናት፤ ቃሌን እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ።

ታናሿ ሀያት አራት ዓመቷ ነው። አምና የሰሚት ኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ እየዘለለች ትወርድ ነበር። ዛሬ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው፤ የምታውቀው ቃልም እየጠፋባት ነው።

ሐኪሟ «የጠረጠርኩት ከስንት ልጅ አንዱን የሚይዝ በሽታ ነው። አንጎሏን በምስል ሳላይ በግምት መድኃኒት አልጀምርም» አለን። ወደድኩት፤ አይዋሽም።

ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን ውስጥ ንቅንቅ ማለት የለም። ስለዚህ ልጅቷን በመድኃኒት ያስተኟታል፤ ለዚያ ደግሞ ሆዷ ባዶ መሆን አለበት። ይቺን ተራ ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

እናቷ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ ጋ ገብታለች። ሀያት ጭኔ ላይ ሆና «አባባ፣ ራበኝ» ትላለች። አጠገባችን ሽቶዋ ቀድሟት የሚደርስ ሴትዮ ተቀምጣለች።

«ምነው አባቴ፣ ልጅቷን አያበሏትም እንዴ?»

«ለምርመራው ነው። ምንም እንዳትቀምስ ተብሏል።»

«ኧረ ግፍ ነው! እንዴት አንጀትዎ ቻለ?»



ነርሷ ጠራችኝና ሀያትን ወንበሩ ላይ ትቻት ሄድኩ። ከሀያት ጋር የምገባው እኔ ስለሆንኩ ቁልፌንም ቀበቶዬንም፣ ብረት ያለበትን ሁሉ እንዳስቀምጥ። ሱሪዬን በእጄ ይዤ ስመለስ... የሀያት ጉንጭ በኬክ ተወጥሯል። ሴትዮዋ አፏን በሶፍት ትጠርግላታለች።

ነርሷ ጮኸች። «ማነው ያበላት?! ተኝታ ብታስመልስ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል እኮ! በቃ ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቀጠሮ ነው።»

እናቷ ወጥታ ይህንን ስትሰማ አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ... እስከዚያ እኔንም ብትረሳኝስ?»

ሴትዮዋ «እኔ አዝኜ ነው እኮ! ደግ በሰራሁ ልወቀስ?» አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣» አልኳት፣ «የባባው ያንቺ ሆድ ነው፤ የሚጎዳው የልጅቷ ጭንቅላት ነው!»

ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። «ምስጋና ቢስ ሁሉ!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሀያት ደግሞ ኬክ በነካው እጇ ቻው ትላታለች።

የተረፈውን ኬክ ወንበራችን ላይ ትታልን ነው የሄደችው... ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይሆናላ።