ቁመት ያልተጻፈለት ወንበር

ግዥ ክፍል ስመደብ ስለ ግዥ የማውቀው ሾላ ገበያ ገብቶ በሽንኩርት ዋጋ መከራከርን ብቻ ነበር። ቦሌ ባለው መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ ሥራዬ አሥራ ሁለት የቢሮ ወንበር መግዛት ሆነ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሴት ናቸው። ወፍራም የግዥ መመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አድርገው፣ "ቋንቋው ይኸው፤ በሳምንት ልመደው" አሉኝ።

ቋንቋው አማርኛ ይመስላል እንጂ አይደለም። "ግልጽ ጨረታ" ማለት ማንም መወዳደር ይችላል ማለት ነው፤ ሌላው ነገሩ ግልጽ አይደለም። "ዝርዝር መግለጫ" ደግሞ የምትፈልገውን ዕቃ የፋብሪካውን ስም ሳትጠራ መግለጽ ነው፤ ልክ እንደ ሐሜት።

እኔም ሐሜቴን ጻፍኩ፦ ጥቁር፣ ባለ አምስት ጎማ፣ መደገፊያ ያለው፣ የሚሽከረከር። አለቃዬ መነጽራቸውን ፈልገው ሲያጡ ሳያነቡ ፈረሙ።

የጨረታ ማስታወቂያው ዋጋ የሚቀርበው "በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ" ነው ይላል። አንድ ሾላ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ደወሉ።

"ልጄ፣ ሰም ከየት ነው የሚገዛው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ፤ ማስታወቂያው ሁሌም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ጨረታው በሚከፈትበት ቀን የሌሎቹ ኤንቨሎፕ በስኮች ተለጥፎ መጣ። የጋሼ ላይ ግን ጧፍ ቀልጦ ተንጠባጥቦበታል፤ የጨረታ ሳጥኑ ሲከፈት ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተን። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጡትም እሳቸው ስለነበሩ አሸነፉ።

በርክክቡ ዕለት ወንበሮቹ ከፒክአፕ ወረዱ። ጥቁር ናቸው። አምስት ጎማ አላቸው። ይሽከረከራሉ። አለቃዬ አንዱ ላይ ቢቀመጡ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ተገናኘ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የልጆች ነው!" አልኩ።

"ቁመት የሚል የት ጋ ጻፍክ?" ሰነዱን ከኪሳቸው አወጡ። የትም አልጻፍኩም።

አለቃዬን ሁለት ሰው ደግፎ አነሳቸው። "ዕቃው ሰነዱን አሟልቷል፤ መመለስ አንችልም። ፈርመህ ተረከብ" አሉኝ። ስፈርም ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

መሥሪያ ቤቱ ክፍላችንን "ኬጂ" ብሎ ሰየመው። ወራት ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። አራብሳ ቤቴ እስክደርስ ሰርቪስ ውስጥ የተኛሁ እመስል ነበር፤ ማንም እንዳያናግረኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ለወንበር እንደገና በጀት ተያዘ። በቁጭት ሦስት ገጽ ዝርዝር መግለጫ ጻፍኩ፤ የብሎኑ ውፍረት እንኳን አልቀረኝም። ያንን የሚያሟላ ወንበር አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረምና አንድም ተጫራች አልመጣም። ሰድበው ያባርሩኛል ስል አለቃዬ ሜትር ይዘው ወሎ ሰፈር ፈርኒቸር ቤቶች ወሰዱኝ።

"የገበያ ጥናት የሚባለው ይሄ ነው። ተቀመጥ።"

ያልተቀመጥኩበት ወንበር የለም። እሳቸው እየለኩ እኔ እየጻፍኩ፣ ሻጩ ሊያባርረን ሲዳዳው አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ "ልብ በል፤ ወንበር በቂጥ እንጂ በመዝገበ ቃላት አይገዛም።" እኒህ ከጾም ከጸሎት የማይጎድሉ ሴት! ልስቅ ወይስ ላማትብ?

አንድ ገጽ ጻፍን። ቁመት፣ ስፋት፣ የሚሸከመው ክብደት፤ ናሙናም አስቀድሞ ይቅረብ አልን። ተጫራቾች መጡ፤ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበርም ገባ። ትንንሾቹን ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፍን በኋላ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት አስረከብን።

በዚህኛው ጨረታ ጋሼም ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ውጤቱ እንደተነበበ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ጎበዝ ሆነሃል፤ ለእኔ ጥሩ አይደለም" አሉ እየሳቁ። "ና፣ ማኪያቶ ልጋብዝህ።"

"አይቻልም ጋሼ። የጥቅም ግጭት ይባላል።"

ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው አንተ ጋብዘኝ" አሉ።

መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም። ጋበዝኳቸው።