የአባቴ «እርስዎ»

ከልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ጎን ሕንጻ የሚያድሱ ሠራተኞች ብረት በብረት ሲመቱ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ይመጡብኛል። እዚህ ሮማ፣ ሮማኒና ከሚባለው ሰፈር ወዲህ ነው የምንኖረው፤ ልጄ ሰብለ አንዲት አሮጊት ስትጠብቅ ስለምትውል ልጇን ሊያን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ከፖርቶኔው፣ ከትልቁ በር ፊት ቆሜ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ ጉለሌ በነበረው ትምህርት ቤታችን ከባሕር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ቁራጭ የባቡር ሐዲድ አባቴ በትልቅ ብሎን ሲመቱት ይሰማኛል። ደወላችን እሱ ነበር። ደዋዩም፣ በር ከፋቹም፣ ጠባቂውም አባቴ ነበሩ፤ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ዘለቀ ይላቸው ነበር።

ዘበኛ ስላችሁ ልጅ በዱላ የሚያባርር አይምሰላችሁ። ዱላ ነበራቸው፣ ለውሻ ነው። ግቢው ጥግ ባለች አንድ ክፍል ቤት እንኖር ነበር፣ እኔም የዘበኛ ልጅ ስለሆንኩ እዚያው በነጻ እማር ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አባቴ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆሙና የሚመጣውን ልጅ ሁሉ «እንደምን አደሩ፣ ይግቡ» ይሉት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነው እርስዎ የሚባለው። አዲስ የመጣው ልጅ ከኋላው ትልቅ ሰው ያለ መስሎት ዞር ብሎ ያይ ነበር፣ ማንም እንደሌለ ሲያውቅ ደግሞ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባ ነበር።

ጥቅምት ሲገባና ብርዱ ሲጠና አርፋጁ ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ከትልልቆቹ አንዱ፣ ቁመቱ ከመምህሮቹ የሚበልጥ፣ በመደባደብ የታወቀ ጎረምሳ፣ አርፍዶ መጥቶ አጥሩን ሲዘል አባቴ ከታች ቆመው ጠበቁት። እኔ ከቤታችን ደጃፍ አይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ሽቦው ሱሪዎን እንዳይቀድብዎ» አሉት።

ልጁ አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ አጥሩ ላይ ቀረ። «ጋሽ ዘለቀ፣ ለዳይሬክተሩ ሊነግሩብኝ ነው?»

«ምን ብዬ እነግራለሁ? እርስዎ ሰው ነዎት፣ እኛም በር አለን። ነገ በበሩ ይመጣሉ።»

በማግስቱ ሐዲዱ ሳይመታ በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ጠብ ሲነሳ «ተዉ፣ ጋሽ ዘለቀ ያዩናል» ብሎ የሚገላግለው እሱው ነበር። ፈርቶ አይደለም፤ አባቴ ሰው ብለውት ሰው ሳይሆን መገኘት አሳፍሮት ነው።

እኔ ግን ቤት ውስጥ «አንተ፣ ውሃ ቅዳ»፣ «አንተ፣ እግርህን ሰብስብ» ነበር የምባለው። ሌላው ልጅ በሰው ጫማ ይቀናል፣ እኔ በአንድ ቃል ቀናሁ። ልጆቹም አወቁብኝ፤ ኳስ ስንጫወት አንዱ ድምፁን እንደ አባቴ አጎርንኖ «እርስዎ ኳሱን ያቀብሉኝ፣ እርስዎ ወደ ጎል ይጠጉ» ይልና ወደኔ ዞሮ «አንተ ውሃ ቅዳ» ሲል ሁሉም ይንከተከት ነበር። ስሜ ቀርቶ «አንተው» ተባልኩ።

ኅዳር ላይ አልቻልኩም፣ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ እነሱን እርስዎ የሚሏቸው ለምንድን ነው?»

ካፖርታቸውን ሚስማሩ ላይ እየሰቀሉ «ነገ ሐኪም ይሆናሉ፣ ዳኛ ይሆናሉ» አሉኝ። «ያን ጊዜ እርስዎ ማለቴ ካልቀረ፣ ዛሬ ብጀምር ምን ይጎድልብኛል?»

«እኔስ?»

«አንተማ ልጄ ነህ» አሉኝ።

ፈገግ ብለው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ሐኪምም ዳኛም አትሆንም ያሉኝ መሰለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ፣ ራትም አልበላሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ እያካፋ፣ ጠዋት ዳቦ ግዛ ተብዬ ተላክሁ። ዳቦውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሐዲዱ እስኪመታ ከአጥሩ ጀርባ ቆየሁና ከአርፋጆቹ ጋር ተሰልፌ በሩን አንኳኳሁ። አባቴ ከፈቱ። ከፊቴ ያሉትን «ዝናቡ ያዝዎት? ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ አስገቧቸውና እኔ ጋ ሲደርሱ «አንተ፣ እናትህ ዳቦ ትጠብቃለች፣ ምን ይገትርሃል? ግባ» አሉኝ።

«እንደነሱ ይበሉኝና እገባለሁ።»

«ምን ልበልህ?»

«እርስዎ።»

የገቡት ልጆች ከኋላቸው ሆነው «አንተው ሹመት ፈለገ» እያሉ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «ግባ ብያለሁ» አሉ። አልገባም አልኩ። ዳቦውን ተቀበሉኝና በሩን ዘጉት።

በማግስቱም ሐዲዱ ሳይመታ ወጥቼ ከበሩ ማዶ ቆምኩ፣ በሳልስቱም። እበላና እተኛ የነበረው ቤቴ ነው፤ ክፍል ግን አልገባሁም። እናቴ «ኧረ በናትህ፣ በአንድ ቃል ትምህርት ይተዋል?» ስትለኝ «አንድ ቃል ከሆነ ለምን አይሉትም?» እላት ነበር። እሳቸው ጋ ትሄድና ትለምናቸው ነበር፣ እሳቸውም «ልጅ አባቱን በር ላይ አቁሞ አያስገድድም» ይሉ ነበር። እኔ ግትር፣ የወለዱኝም ግትር። እንዲህ እንዲህ ስል ማዶ ካለው ጋራዥ ገብቼ ጎማ ማጠብ ጀመርኩ፣ ከአራተኛ ክፍልም ሳላልፍ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው በዚያችው በአራተኛ ክፍል ፊደል ነው።

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ይደበድበው ጀመር። አንድ ምሽት ራት ቀርቦ፣ እንደ ልማዴ አባቴን ላስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ተነሳሁ። በቤታችን ልጅ ያስታጥባል፣ ትልቅ ይታጠባል። አባቴ ብድግ ብለው ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰዱትና «ይቀመጡ» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ሰው የለም።

«እጅዎን ያምጡ፣ ይታጠቡ።»

እናቴ «ኧረ በማርያም ይተዉ፣ ልጅ እኮ ነው» አለች።

«ይሄን ቃል ፈልገው ስንት ወር በር ላይ ቆመዋል» አሉ አባቴ፣ ሳይቆጡ። «ሠርተው የሚገቡ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

ውሃውን አፈሰሱልኝ፤ ታጠብኩ። ቃሉን አገኘሁ፣ በገዛ ቤቴም እንግዳ ሆንኩ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አንተ አላሉኝም። ሚስት ሳገባ «እንኳን ደስ ያለዎ» አሉኝ። ታመው አልጋ ላይ ሆነው ውሃ ሳጠጣቸው «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አሉኝ። ለቅሷቸው ላይ ያ አጥር ዘላዩ ጎረምሳ መላጣ ሆኖ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ «አባቴን፣ አባቴን» እያለ ደረቱን ሲመታ ሳይ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሜ እንኳ ቀናሁበት።

ቅናት በስተርጅናም አይለቅም። የሊያ ትምህርት ቤት ሲኞር ሬንሶ የሚሉት ቢዴሎ አለ፣ በር የሚጠብቅ፣ ኮሪደሩን የሚወለውል፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰውዬ። ባለፈው ሁለት ልጆች በር ላይ ሲገፋፉ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ መሀላቸው ገብቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አላቸው፣ ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ተጨባበጡ። ሊያ ስታልፍ ቆም ብላ ነው የምትሰናበተው፣ በእነሱ እርስዎ፣ «ሌይ» በሚሉት። ወደኔ ትመጣና ግን «አንተ፣ ለምን ዘገየህ?» ትለኛለች። አማርኛዋ የሮማ ነው፣ እዚህ አያትን «ቱ» ነው የሚሉት፣ እሷም ቱን ወደ አንተ አዞረችው።

ሰብለ ይህን በሰማች ቁጥር ትቆጣለች። «ሊያ፣ እርስዎ በይ። ኖኖን፣ አያትሽን፣ ማነው አንተ የሚለው?»

«አሎራ፣ ታዲያ ለኖኖም እንደ ሲኞር ሬንሶ ልበለው?» ትላለች ልጅቷ፣ ግራ ገብቷት።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። ያኔ አንዱን ቃል ይስጡኝ ብዬ በር ላይ ቆምኩ፣ ሰጡኝ፤ አባቴ ግን አንተን ለማን አስቀምጠውት እንደነበር በልጅነቴ አልጠየቅሁም። ዛሬም በር ላይ የቆመው ሰውዬ እርስዎ ይባላል፣ እኔ አልባልም፣ ሲባል ስሰማም ውስጤ ቅር ይለዋል፣ አልዋሽም። ቢሆንም ሰብለን «ተያት፣ እንዳፏ ትበለኝ» አልኳት። ትናንት ደግሞ ሊያ ከበሩ ወጥታ «አንተ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ፣ ከብዶኛል» አለችኝ። ያዝኩላት። እውነትም ከባድ ነበር።