ቀይ ናስትሮ

ጎረቤቴ ዘነቡ ጀሪካኔን ቀማችኝ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፣ አቃቂ በሰቃ፣ ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ። የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ስለነበር የኔን የምለየው አንገቱ ላይ በተጠመጠመው ቀይ ናስትሮ ነው። የጠመጠመልኝ አባቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና የክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነበር። ፕላስቲኩን በጨርቅ አደረቀ፣ ናስትሮውን እየወጠረ ደራረበ፣ መጨረሻ ላይ እጁን አላላ። "የመጨረሻውን ዙር ከወጠርሽው ተመልሶ ይላቀቃል። ለምልክትም ይሆንሻል" አለኝ። ዛሬም ናስትሮ በያዝኩ ቁጥር እነዚያ ሻካራ ጣቶቹ ትዝ ይሉኛል።

ያን ቀን ለአፍታ ዞር ብዬ ስመለስ ናስትሮው ተልጦ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጀሪካኑ ደግሞ ሞልቶ ዘነቡ እጅ ገብቷል።

"የኔ ነው እኮ!" አልኳት።

"ምልክትሽ የታለ?" አለችና ወደ ሰልፉ ዞረች። "ኧረ ይቺ ሴትዮ፣ ቢጫ ነገር ሁሉ የሷ ይመስላታል!"

ሰዉ ሳቀብኝ። ውሃው ከሄደ ሳምንት አይመለስም፤ ሌላ ጀሪካን ደግሞ የለኝም። ናስትሮዬን ከመሬት አነሳሁ።

ዘነቡ ጀሪካኑን አዝላ ጎንበስ ከማለቷ፣ ናስትሮው ደፍኖት የኖረው የአንገቱ ስንጥቅ ተከፈተና ውሃው በማጅራቷ ገብቶ በቀሚሷ ወረደ።

"አንቺ! መሰንጠቁን ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ጮኸች።

"የራስሽ ጀሪካን አይደል እንዴ? ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ!"