ጉድጓዱ ሲጣራ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ብሎን ነው የሚለው። ሬዲዮ ሲፈታ ብሎኖቹን አፉ ውስጥ ይከታቸዋል። ሰው ሲያናግረው በጥርሱ መሃል «እም» ይላል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሚስቱ፣ ሳቂታ የምንላት፣ «አገባሻለሁ ያለኝ ቀን ብቻ ነው ብሎኑን የተፋው» እያለች ታስቀን ነበር። ብሎን አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ኋላም ኮምፒውተር ጠግኗል። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ይዤ እኖራለሁ።

ድሮ ሦስታችን ተቀምጠን አንድ የካርቱን ፊልም አይተን ነበር። አንዲት ልጅ ፋኖስ ይዛ፣ ሐይቅ በዋጠው ከተማ ውስጥ የጠፋ ወንድሟን ትፈልጋለች። ቆይቶ ከዚያ ፊልም የተሠራ የኮምፒውተር ጨዋታ አንድ ደንበኛ ለብሎን ሰጠው። ሳቂታ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከምሳ በኋላ መርፌዋን ደረቷ ላይ ትሰካና ጨዋታው ላይ ትቀመጣለች። ልጅቷን በየበሩ ትወስዳታለች፣ ታስንኳኳታለች። ማንም አይከፍትላትም።

ከተማው መሃል ጉድጓድ አለ። የጻፉለትን ይውጥና ሌላ ጊዜ አጠገቡ ሲቆሙ ከዋጠው አንዱን ከሥር ይመልሳል። ጨዋታው በባዕድ ቋንቋ ነው። ጉድጓዱ ግን የሰጡትን ነው የሚመልሰው። ሳቂታም የእኛን ቃል በባዕድ ፊደል እየጻፈች ትከትበታለች፤ «ብሎን፣ ምሳ ቀረበ»፣ «እትዬ ጨው ይጨመር አለች»፣ «አንተ፣ የት ነህ?» ጉድጓዱ ሲመልስላት እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ስትሞት ብሎን ኮምፒውተሩን በብርድ ልብሷ ጠቅልሎ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለው። ስድስት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። ማናችንም ስሙን አላነሳንም።

ዘንድሮ አንድ ሰው ልክ እንደዚያው ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ለጥገና አመጣ። ብሎን እሱን ሲያይ ወደ ቤት ገብቶ የእኛን አወረደው። አቧራውን እፍ አለበት፣ የተቃጠለውን ዕቃ ቀየረለት። እኔ አጠገቡ የሸሚዝ ቁልፍ እተክል ነበር። ስክሪኑ በራ። ልጅቷ ሳቂታ ትታት እንደሄደች፣ ፋኖሷን ይዛ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደሚተነፍስ ሰው።

ወዲያው ከሥር ፊደል ወጣ። «ብሎን፣ ምሳ ቀረበ።»

ወንድሜ ብሎኑን ከአፉ አወጣና «አቤት» አለ። ቀጥሎ በጣቱ ጻፈው።

እናታችን እንዲያ ነው ያሳደገችን። የተጠራ ሰው ተኳርፎም ቢሆን አቤት ሳይል አይቀርም። ብሎንም በተጠራ ቁጥር አቤት መጻፍ ሆነ ሥራው። ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን መዝጋት ጀመረ። የጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ በሩን እየደበደበ፣ «ብሎን ሙሽራ አገባ እንዴ? በጠራራ ፀሐይ በር የሚዘጋው!» ይላል።

«ኧረ ደንበኛ እየተመለሰ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«ትንሽ ይቆይ እትዬ፤ እየተጣራች ነው።»

«የሚጣራው ጉድጓድ ነው።»

«ቃሉስ የማን ነው?»

ምን ልበለው? የእሷ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጮኾ ጠራኝ። «እትዬ! መለሰችልኝ!» ሮጬ ስገባ ስክሪኑ ላይ «አቤት» ይላል። «ደህና ነሽ?» ብሎ ጻፈ። ጉድጓዱ፣ «አቤት»። «ናፍቀሽኛል» ብሎ ጻፈ። ጉድጓዱ አሁንም፣ «አቤት»። ወንድሜ እንደ ሕፃን ይስቃል። እኔ ግን ወደ በሩ ሸሸሁ። ሳቂታ ቀልድ ሳትጨምርበት እንዲህ ደረቅ ብሎ የሚወጣ ቃል አልነበራትም።

በማግስቱ ምሳ ስናነሳ፣ «የጨውዋን ከሰማናት ስንት ቀን ሆነን?» አልኩት።

«የቷን?»

«እትዬ ጨው ይጨመር አለች ያለቻትን። እኔን ያማችባትን።»

ሳህኑን እንደያዘ ክው አለ። ጠጋኝ አይደል፣ ሳልጨርስለት ገባው።

«የጉድጓዱ ሆድ ጠባብ ነው» አለ። «ሃያ ሠላሳ ቃል ቢይዝ ነው። አዲስ ሲገባ አሮጌው ይወጣል።»

«የወጣው አይመለስም?»

«በላዩ ላይ ተጽፎበታል። እኔ ነኝ እትዬ። አቤት እያልኩ አስወጣኋት።»

ሳህኖቹን ትተን ጉድጓዱ ጋ ሄድን። ልጅቷን አንዴ ያርቃታል፣ አንዴ ይመልሳታል። በተመለሰች ቁጥር ከሥር አንድ ቃል ይወጣል። አቤት። አቤት። ደህና ነሽ? አቤት። ናፍቀሽኛል። የገዛ ራሱ ቃል ከመሬት በታች ሲጠራው ሳይ፣ ከሁለቱ የሞተው የትኛው እንደሆነ ለአፍታ ጠፋኝ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ስትል፣ «አንተ፣ የት ነህ?» አለ።

«አንድ ቀርታለች» አለ ወንድሜ። «አሁን ብጽፍ የምትወጣው እሷ ነች።»

ጣቶቹ ግን ልማዳቸው ነውና ኪቦርዱ ላይ ደርሰዋል። ነጠቃቸውና ጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው። ጉድጓዱ ጠበቀ። ልጅቷ ትተነፍሳለች። ደግሞ መጣ፣ «አንተ፣ የት ነህ?»

«እትዬ፣ ዝም ስላት ምን ትለኛለች?»

ኪቦርዱን ከፊቱ አራቅሁለት።

አሁን ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል፣ ሥራውንም ይሠራል። በቀን አንድ ጊዜ ገብቶ እስክትጠይቀው ይጠብቃል፣ አይመልስላትም፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል። እኔ ከክፍሌ ሆኜ ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ። የምትጠራው እኔን አይደለም። ግን አቤት እንዳይወጣኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ።