የልብስ ሰፊው ዋስ

ወደ እስር ክፍሉ ገፍትረው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሰው ሳይሆን ጣሪያ ነው። ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ከሐይቁ ዳር እየመጡ ቆርቆሮው ላይ ሲንጎማለሉ፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ወታደር ይመስለዋል። እኔም ዘልዬ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። እስረኞቹ ሳቁብኝ። ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር ደስ አለኝ።

ጤና ረዳት ነበርኩ። ምርመራ ላይ "አላውቅም" ባልኩ ቁጥር በጥፊ ይሉኝ ስለነበር ግራ ጆሮዬ ደንቁሯል። ቃሏን ራሷን ፈርቻት ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ የነበሩ አዛውንት ናቸው። የታሰሩት ቤታቸው ሰው ሰብስበው ስለጸለዩ ነው። ትኩሳት ይዟቸዋል። ወባ ነው ብዬ ቤተሰብ የላከውን ክኒን ሰጠኋቸው፤ አልለቀቃቸውም። ተስቦ ይሆናል ብለን ቅማላቸውን ለቀምን፣ ልብሳቸውን ፀሐይ ላይ አሰጣን፤ እምቢ አለ። ከሰዓት ያንዘፈዝፋቸዋል፤ ያኔ በሲዳምኛ ከማላየው ሰው ጋር ያወራሉ። ጠዋት ደግሞ ቀና ብለው "ዛሬ ይሻለኛል፣ ልጄ" ይሉኛል። ጉንጫቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ጎደጎደ። የማውቀው ሁሉ አለቀብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት የጥበቃው ኃላፊ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ለቆጠራ ሲገባ ተነስቼ ቆምኩ።

"ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ እኚህ ሰው ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ዋና ሐኪም ይያቸው።"

"ምንድን ነው በሽታው?"

ሳልመታ ጉንጬ ጋለ። ወባ ነው ብል ክኒን ስጠው ይለኛል፤ ተስቦ ነው ብል ለብቻ ዘግተው ይረሷቸዋል።

"አላውቅም" አልኩ።

"አንተ የጤና ሰው አይደለህ? ካላወቅህ ምን ብለህ ነው ይሂድ የምትለው?"

"ስላላወቅሁ ነው። የሚያውቅ ይያቸው።"

እጁ ሲነሳ ጠበቅሁ። አልተነሳም። ሽማግሌውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋቸውና ትንፋሻቸውን አዳመጠ።

"ቢጠፋስ? ማነው ዋሱ?"

"እኔ ነኝ። ቢጠፉ እኔን ያዙ።"

"አንተንማ ይዘንሃል!" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱን ቋጠረ። "ከጠፋ ግን የምትጠየቀው አንተ ነህ።"

መጠየቅ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ወሰዷቸው። ከሆስፒታል ደግሞ አዲስ አበባ፣ ወደ ስፔሻሊስት ተላኩ የሚል ወሬ ደረሰን። ሳምንታት አለፉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ። አንዳንዴ በወጡበት ይቅሩ፣ ነፍሳቸውን ያትርፉ እላለሁ፤ ጆሮዬ ሲጠዘጥዘኝ ደግሞ ኧረ ይምጡልኝ እላለሁ። የሰው ነገር።

መጡ። ጉበታቸው ላይ መግል ቋጥሮ ኖሯል፤ ሐኪሙ በመርፌ ቀድቶ አወጣላቸው። ፊታቸው ሞላ ብሏል። በሚሰማው ጆሮዬ በኩል ጠጋ አሉ።

"ሆስፒታል የሚጠብቀኝ ወታደር መጠጥ ቤት ነበር የሚውለው። በሩም ክፍት ነው።"

"ታዲያ ለምን አልሄዱም፣ አባባ?"

"ሰው አስይዤ ወዴት እሄዳለሁ? ዋሴን ላወርድ መጣሁ።"

ከሆስፒታል ደብቀው ባመጡት መርፌ፣ ምርመራ ላይ የተቀደደውን የሸሚዜን ኮሌታ ሰፉልኝ። "ሲጠሩህ ደህና ሰው መስለህ ውጣ" አሉኝ።

የተጠሩት ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ማለዳ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" ተባሉ። ዕቃ አልነበራቸውም። መርፌዋን መዳፌ ላይ አስቀመጡ፣ የራሳቸውን ኮሌታ በሁለት እጃቸው አስተካከሉና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

እኔ ከተፈታሁ ዓመታት አለፉ፤ ዛሬ መናኸሪያ ጀርባ ትንሽ ክሊኒክ አለችኝ። ትኩሳቱ እምቢ ያለ ታካሚ ሲመጣ "አላውቅም፤ የሚያውቅ ጋ ልላክዎት" ብዬ ሪፈር እጽፋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። "ታዲያ ምኑን ሐኪም ሆንክ?" የሚለኝም አለ። ነርሷ በር ድረስ እየሸኘች "ሲሻልዎት ተመልሰው ይንገሩን" ትላቸዋለች። ደግ ቃል ነው። እኔ ግን "ተመለሱ" የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም።