ዋጋ የማይጠየቅበት ጉባኤ

ጎረቤቴ ጠሃ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ መጠገን ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ዳኘው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሁለታችንን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ድሮ ግድግዳውን ተሻግረን ስንቀላለድ እንውል ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ከታይፎይድ ሲነሳ ጆሮው አብሮት አልተነሳም። አሁን ግድግዳውን ብደበድበውም አይሰማም።

ደንበኛም ሸሸው። ሰው መጮህ ይሰለቸዋል፤ እኔም ይሰለቸኛል፣ አልዋሽም። ሚስቱ ዙለይካ ቁርኣን ትቀራለች እንጂ አማርኛ መጻፍ አልተማረችም። ስለዚህ እቤታቸው የሚነገረው በእጅ የሚታይ ነገር ብቻ ነው፦ ብላ፣ ና፣ ዝናብ መጣ።

ታዲያ ጠሃ ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ። በየሰኔው ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ የስልክ ኩባንያ ጉባኤ ጠርቶ አዲስ ያሰበውን ይናገራል። ጠሃ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ያወርደዋል። እንግሊዝኛን ከስልክ ጋር ሲታገል ለምዷል፤ ከሥር የሚጻፈውን እያነበበ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሳስበው፣ ሳይጮህ የሚያናግረው ሰው እሱ መድረክ ላይ የቆመው ብቻ ነበር።

ባለፈው ሰኔ እየሮጠ መጥቶ ስልኩን የስፌት መኪናዬ ላይ አኖረው። በጉባኤው ቪዲዮ አንዲት አሮጊት ያወራሉ፤ ፊታቸው ያለው ስልክ ያሉትን እየተከተለ ይጽፋል። «ከመስከረም ጀምሮ ነው!» አለ፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል መናኸሪያው ሁሉ እየሰማ። «ዙለይካ ትናገራለች፣ እኔ አነባለሁ!»

እኔ ያየሁት አዳራሹን ነው። ያን ሁሉ ሲያዩ ያጨበጭባሉ፤ ዋጋ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የቡሬ ሰው በግ እንኳ ሲያይ መጀመሪያ ስንት ነው ይላል። «እነዚህ ገዥዎች አይደሉም» ብዬ ጻፍኩለት። ባሕር ዳር ኮምፒዩተር የምትማረው ልጁ ሳቢራም «አባዬ፣ እሱ ፕሮግራም ለሚሠሩት የሚነገር ነው፤ እነሱ ገና ሊሠሩበት» ብላ ጽፋለት ነበር። በሁለታችንም ተቆጣ።

«ሴትዮዋ ፕሮግራም ሠሪ ናቸው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አሁንም ያናድደኛል፤ የሚናገሩት ለባለሙያ ከሆነ የሰው አያት ምን ብለው ያሳዩናል?

ክረምቱን ሙሉ ዙለይካን ቀስ ብላ እንድትናገር ሲያለማምዳት ከረመ። መስከረም ላይ የስልኩ ፕሮግራም ታደሰ። አንድ ቀን ከሰዓት ዙለይካን ሱቁ ጠርቶ አስቀመጣት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። መኪናዬ ዝም ስላለ የሌለሁ መስሏት ይሆናል።

«ጠሃ፣ ስምህን ስጠራህ ዞር የምትልበት ጊዜ ናፈቀኝ» አለች። «አንተ ከጎኔ እያለህ ብቻዬን ሆንሁ። ይኸን ለልጅህም አልነገርኋት።»



«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጠሃ። «ድገሚው! ጠጋ ብለሽ ድገሚው!»

አልደገመችውም። እንዲህ ያለ ነገር አንዴም ከአፍ የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ተነሥታ በደጄ ስታልፍ ሻሿን ዓይኗ ላይ ይዛ ነበር።

ጠሃ ስልኩን ይዞ መጣ። የተጻፈው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ለካ አማርኛ ከነጭራሹ ከቋንቋዎቹ መካከል የለም።

«አንተ ሰምተሃል። ምን አለች?» ብሎ እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠኝ።

በእኛ አገር ሚስት ለባሏ ያለችውን ጎረቤት አያደርስም፣ ያውም ወንድ። ይህን ተምሬ ነው ያደግኩት። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት፤ ግን እጄ አፈረ። በመጨረሻ «ስትመጣ ሽንኩርት ያዝ ብላለች» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው፤ ፊቱ ፈካ አለ።

«ስንት ኪሎ?» አለኝ።

«ሁለት» ብዬ ጻፍኩለት።