የአባቴ እግርና የናይለን ክሩ

አባቴ ቀኑን ሙሉ ቡና ማሳው ውስጥ ሲዞር ውሎ አማን ከተማ ወዳለው ቤታችን ሲመለስ፣ ቦቲ ጫማው ውስጥ አንድ የደረቀ የቡና ፍሬ ተገኘ። ተረከዙ ቆስሏል። እሱ ግን ፍሬውን በጣቱ አገላብጦ አየና «ደህና ደርቋል» አለ።

ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ጤና ኮሌጅ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። በማግስቱ የእግር ስሜት የሚፈተንበትን የናይለን ክር ይዤ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኑን በነጠላ አስሬ የእግሩን ጣቶች በክሩ ጫፍ ልነካ፣ እሱም ሲሰማው «አዎ» ሊል ተስማማን። ካልተሰማው የዘንድሮው የቡና ለቀማ ቀረበት። አባቴ ደግሞ ለቀማ ከሚቀርበት ፋሲካ ቢቀርበት ይመርጣል።

ልማዴ አይደል፣ መጀመሪያ ማስተማር ያዝኩ። «ቆዳ በስሱ ሲነካ የነርቩ ጫፍ ሽፋን ይለጠጣል። ሽፋኑ ላይ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ፕሮቲን ተሰክቷል፤ በር በለው። ሽፋኑ ሲለጠጥ በሩ ይከፈታል፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገባሉ፣ ወሬው ወደ አንጎል ይሮጣል። ስኳር ሲበዛ ግን ነርቩ ራሱ ይሞታል፤ በርም የለ፣ ወሬም የለ።»

«የእኛ ቤት በር መቼ ተዘግቶ ያውቃል?» አለ።

ጀመርን። ነካሁት፤ «አዎ»። ነካሁት፤ «አዎ»። አንዴም አልሳተም። ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል፣ ከጀርባዬ የቴፒ ቁንዶ በርበሬ የምትወቅጠው እናቴ ብናኙ ጉሮሮዋን ያዛትና ሳሏን ለቀቀችው። አባቴም «አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ» አለ። እጄ ጭኔ ላይ ነበር።

ለካ ክሩ ባረፈ ቁጥር ቀስ ብላ ስትስልለት ኖሯል። ዞሬ ሳያት «ምን ላድርግ፣ ለቀማ ካልሄደ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጨቀጭቀው እኔን ነው» አለች። ሳቄን እንደምንም ይዤ ወደ ጓዳ ሸኘኋት፤ ሙቀጫዋን ታቅፋ ሄደች።

አባቴ አልተበገረም። «እግር ምን ያውቃል? እጄን ፈትኚው» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ክሩ ገና ከማረፉ «አዎ» አለ፤ ይህኛው እውነት ነበር። ተናደድኩበት፤ አንጀቴንም በላው።

«አባዬ፣ ለቀማ የሚወስድህ እኮ እግርህ ነው» አልኩት። ክሩን አስቀምጬ የቀኝ እግሩን ጣቶች በሙሉ መዳፌ ጭምቅ አድርጌ ያዝኳቸው።

እሱ ዓይኑ እንደታሰረ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ «በይ እንጂ ልጄ፣ ጀምሪ» አለኝ።